የጁምዓ ጫት በሸዋ በር

ዛሬ ጠዋት ሸዋ በር ገበያ አንዲት ጅምላ ገዢ ያመጣሁትን ስልሳ እስር ጫት አንዱን በአራት መቶ ብር ልውሰድልዎ ስትለኝ፣ «ጁምዓ ነው እኮ፤ ከሶላት በኋላ አምስት መቶ ይገባል» ብዬ አሰናበትኳት። ሽበቴን እያሻሸሁ ነው ያልኩት። ሽበት ያለው ሰው ገበያ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ጫቱ የእኔ አይደለም። የሟች ወንድሜ ሚስት አልማዝ እግሯ ተሰብሮ ሐረር አጠገብ ሶፊ፣ ቤቷ ተኝታለች፤ ጫቷን ሸጬ፣ ዝናቡ ሳይገባ ለቤቷ ጣሪያ ቆርቆሮ እንድገዛላት ለመነችኝ። ስለዚህ ትናንት ከድሬዳዋ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ፣ ሶፊ አድሬ፣ ዛሬ ማለዳ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ሐረር ገባሁ።

አራት ሰዓት

ለካ የጁምዓን ዋጋ የተነበየው ገበሬ ሁሉ ጫቱን ቆርጦ መጥቷል። ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከዚያም ሦስት መቶ ሆነ። እኔ አምስት መቶዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ነጋዴ አዴ ሐሊማ ግን እየቀነሰችም ቢሆን ትሸጣለች።

«ጋሼ፣ አምስት መቶውን ማን ነገረዎት?»

«ጁምዓ ነዋ።»

«ጁምዓ ጫት አይገዛም አቦ፤ ሰው ነው የሚገዛው።»

«ታዲያ ከሶላት በኋላ ስንት የሚሆን ይመስልሻል?»

«አላህ ያውቃል። እኔ ዋጋ ጠይቆ የሄደው ከተመለሰ እጨምራለሁ፤ ካልተመለሰ እቀንሳለሁ። የእርስዎ ቅጠል ግን እየጠወለገ ነው።»

ሰባት ሰዓት

ሁለት መቶ ሃምሳ። የአልማዝ ጣሪያ ዓይኔ እያየ ተቀደደ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አሥር እስር ሸጥኩ።

ከዚያ ሶላት አለቀና ሰዉ ከጀጎል በር ጎረፈ። ያን ጊዜ ያየሁትን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ማንም ሳያዝዝ፣ ጫት ዘርግቶ የነበረው የሻጭ እጅ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ወደ ጭን ተመለሰ። ጫጫታው ዝቅ አለ። ዋጋው በዝምታ ዞረ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ።

«አሁን አምስት መቶ ይገባል!» ብዬ ጆንያዬን ስከድን ሐሊማ የጠወለገውን ቅጠሌን በአገጯ አሳየችኝ። ገለጥኩት። ጠይቆ የሄደ ሲመለስ ጨመርኩ። ሦስት መቶ አርባ ያልኳቸው ሁለት ሰዎች ሄደው ሲቀሩ፣ ሃያ ቀንሼ የቀረውን ሁሉ ለቀቅኩት። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ከዚያም ወረደ። ስልክ ቁጥሬን ለሐሊማ ትቼ ቆርቆሮ ልገዛ ተነሳሁ።

ሶፊ

ቆርቆሮው ለሁለቱም ክፍል ደረሰ፤ ለበረንዳው አልበቃም። በረንዳውን የበላሁት እኔ መሆኔን ለአልማዝ ነገርኳት።

«በረንዳው ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፤» አለች። «ሲመጡ ዝናብ ይምታዎት።»

ድሬዳዋ፣ ቤቴ

ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ነገን ስናገር ኖሬ፣ ፊቴ ያለውን ገበያ ገና ዛሬ አየሁት። ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። አዴ ሐሊማ ነበረች።

«ጋሼ፣ አጠገብ ተቀምጦ ላሻሻጠ አንድ እስር ይሰጣል። ሁሉንም ሸጠው ሄዱ እኮ።»

«በሚቀጥለው ቆረጣ አመጣልሻለሁ፣ ከነይቅርታዬ።»

«ኢንሻአላህ። ያን ቀን ዋጋው ስንት የሚሆን ይመስልዎታል?» ብላ ሳቀች።

«አንቺ እንዳልሽው፣ አላህ ያውቃል» አልኳት። እስሯ ግን አለብኝ።