በሽመል ግድግዳ በኩል የመጣችው ፓንዳ

ትናንት ልጄ ስልኳ ላይ ፓንዳ ቀርከሃ ሲቆረጥም ልታሳየኝ መጣች። ድምፁን ስሰማ ግን ወዳደግኩባት ቆላ ከተማ ወደ ኮኪት፣ ሦስተኛ ክፍል ተመልሼ ገባሁ።

የክፍላችን ግድግዳ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ ነበር። ከጎጃም የመጡት የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር አዳነ በሙቀቱም በእኛም ተማረዋል። «እናንተ ልጆች፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልሰማችሁ ልሞት ነው!» ይሉናል። ያን ቀን የፓንዳ ሥዕል አሳዩንና ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ አውሬ ይሄን ሲበላ ነው የሚውል። በሉ፣ ፓንዳ ኢትስ ባምቡ!» አሉ።

እኛ ግን ከመድገም ይልቅ ዞረን ግድግዳውን አየን። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ቤታችንም አጥራችንም ሽመል ነው።

ወዲያው ከጀርባዬ ግድግዳው ቀርጨም፣ ቀርጨም አለ።

«ፓንዳ ኢትስ ባምቡ!» ብለን በአንድ ድምፅ እየጮህን በበሩ ተግተልትለን ወጣን።

ውጭ የቆመችው የውሃ ሻጩ የጋሽ ኢድሪስ አህያ ናት። ካሮ የምንለውን፣ የውሃ በርሜል የተጫነበትን ጋሪ እንደጎተተች፣ በሽመሉ መሃል የተወተፈውን የማሽላ አገዳ እየመዘዘች ትቆረጥማለች።

«አህያዬን ምን ብላችሁ ነው የምትሰድቧት?» ሲሉ ጋሽ ኢድሪስ ተቆጡ።

ቲቸር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ኧረ አልሰደቧትም ጋሼ! እኔን ዓመቱን ሙሉ ያቃተኝን እሷ በአንድ ጉርሻ አስተማረችልኝ» አሉና አንገቷን አሻሹላት።

የሳቁበት ነገር ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ፓንዳ ማየቴ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ስልኩን እንዲህ አስጠግተህ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ ልጄ።

ከፓንዳው ኋላ ካሮውን ነበር።