ፒካፗ ውሃዋን የት አደረሰችው?

ወደ ሀገረ ሰላም የሚያወጣው ዳገት ላይ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ተነሥታ ሽቅብ ማለት ስትጀምር፣ ጽጌሬዳ ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ መርፌዋ ላይ ተከለች። መንዳት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የሾፌር ዓይን የመንገድ ነው። ግን እስቲ በእሷ ቦታ ሆናችሁ አትመልከቱ! መርፌዋ ትንሽ ከፍ አለች፣ ደግሞ ከፍ አለች። ቀዩን ከነካች ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ሞተሩ ከነከሰ ደግሞ የጽጌሬዳ እንጀራ አበቃለት ማለት ነው።

ጥግ ይዛ አቆመች። ኮፈኑን ከፈተችና እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ቸኩሎ የከፈተ ሰው ፊቱ ይላጣል። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ፈታችው። ከጄሪካኑ ውሃ ስትገለብጥበት ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ ሌላም ጨመረች፣ እሱንም ጠጣ። ተንበርክካ ከሥር አየች። ጠብ ያለ ነገር የለም። የራዲያተሩን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ደረቅ ናቸው። የዘይት መለኪያውን ስባ አየች፤ ውሃ የሚባል አልነካውም።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው የምታደርሽው?» አለቻት መኪናዋን፣ ጮክ ብላ። ሳምንታት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ሞልታ ትወጣለች፣ ጎድሎ ታገኘዋለች።

ጽጌሬዳን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቃት ምግብ ቤት የለም። ፒያሳ ያሉት ድንችና ጥቅል ጎመን የሚቀበሉት ከእሷ እጅ ነው። ታቦር ካለው ቤቷ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፣ ሀገረ ሰላም ወጥታ ትጭናለች፣ ምግብ ቤቶቹ ምሳ ሳያቀርቡ ትደርስላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ ሾፌሮች ሳቁባት። ሲስቁ ሲስቁ ደከማቸውና ተዉት፤ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኟት ጥሩምባ ይነፉላታል። መንዳት ያስተማራት ባሏ መክብብ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ሜዳ ላይ ይወስዳትና «ፍሬኑን እኔ መስዬሽ ነው እንዲህ የምትረግጪው? ቀስ በይ!» እያለ ነበር ያስተማራት።

መክብብ ካረፈ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ለእሷ የቀረላት ይቺ ፒካፕ ናት። አሮጌ ናት፣ አዎ፤ ግን ሞተሯ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። መክብብ በዚህ በሄደበት ሁሉ ይፎክር ነበር። እኛ አገር መኪና ሲወደስ የመጀመሪያው ቃል ይኸው አይደል? «ሞተሯ ያልተነካ!» ይባልላታል፣ ልጃገረድ ትመስል። አንዴ የተከፈተ ሞተር ዘላለሙን ሲያጨስና ሲያንኳኳ ይኖራል ብለው ሾፌሮች ያምናሉ። እውነት ይሁን ሐሰት እነሱ ይወቁት፤ ጽጌሬዳ ግን ታምናለች።

በመጨረሻው ዓመቱ፣ ሕመሙ መሪ ሲያስጥለው፣ እሷ እየነዳች እሱ ጎኗ ተቀምጦ ነበር የሚሄዱት። የሀገረ ሰላም ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። መክብብ ጎንበስ ብሎ የሂተሩን ማንሻ ወደ ሙቁ ይገፋና «እግርሽ እንዳይደነዝዝ ብዬ ነው» ይላታል። የሚንቀጠቀጠው ግን እሱ ነበር። እሷም ታውቃለች። ከእግሩ ሥር ከሳሎን ምንጣፍ ቆርጦ አንጥፎ ነበር። ከሞተ ወዲህ ያ ምንጣፍ አልተነሣም፤ ማንሻውም እጁ ከተወው ቦታ ንቅንቅ አላለም፣ ማራገቢያውን ብቻ አጥፍታዋለች። እዚያ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም። ላቫጆ ስትወስዳት እንኳ «በዚያ በኩል በሩን እንዳትከፍቱ!» ብላ ነው የምታሳጥባት። ይሄንን እብደት ነው የሚል አለ። ይበላ!

መሃል ከተማ ጋራዥ ያለው ኢዮስያስ የመክብብ ጓደኛ ነው፤ መኪናዋንም ከእጁ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። ሁለት ጊዜ ፈተሻት፣ ሁለት ጊዜም ራሱን አከከ። በሦስተኛው ግን ጽጌሬዳ የፈራችው ቃል ወጣ።

«ጽጌ፣ ወደ ውጭ ካልፈሰሰ በውስጥ እየጠጣችው ነው። ቴስታታው መከፈት አለበት።»

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። ከዚያ ወዲያ መክፈት የለም።

«ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይወጣም። ዘይቱም ንጹሕ ነው፣ ራስህ አይተኸዋል» አለችው።

«እሱማ እኔንም ገርሞኛል። ግን ውሃ ክንፍ አውጥቶ አይበር! ምናልባት ጓርኒሲዮኑ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ብቻ ይሆናል። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ...» ብሎ ጨርቁን እያገላበጠ እጁን ጠረገ። «ሰኞ ጠዋት አምጪያት።»

ወሬ እግር አለው፤ ማምሻውን የባሏ ታላቅ ወንድም ግዛቸው ቤቷ መጣ። ግዛቸው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ፣ ለሰው ሲያስብ ሰውየውን አይጠይቅም።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጽጌ» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ሞተሯ ሳይከፈት ብትሸጥ ገዢ አለኝ። አንቺም ሱቄ ትገቢያለሽ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ትሠሪያለሽ። ሴት ልጅ በዚያ ዳገት ምን አንገላታት?»

«ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ ጋሽ ግዛቸው። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ከምውል ብሞት ይሻለኛል።»

«አፍሽን በዳቦ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ተቆጣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። መኪናዋ የመክብብ ናት፤ ቤተሰቡም ድምፅ አለው። ሰኞ ተከፍታ ቴስታታው ደኅና ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ተሰንጥቆ ከተገኘ ግን ክርክር የለም፣ ትሸጣለች። ተስማማን?»

ምን ትበል? የሟች ወንድም ነው፤ ታላቅም ነው። «እሺ» አለች።

እሁድ ከቸርች መልስ ምሳ ቀመስ አደረገችና የመክብብን ዕቃ ከመኪናዋ ልታወጣ ሄደች። ነገ የሚሆነው አይታወቅም፤ የባሏን ጋቢ ባዕድ እጅ እንዲያገኘው አልፈለገችም። በዚያኛው በኩል ያለውን በር ከፈተችና ከወንበሩ ሥር ጋቢውን ለመሳብ በእጇ ተደገፈች። ምንጣፉ ጭቅ አለ። እንደ ረግረግ ነው የራሰው።

ቆሽቷ አረረ! የላቫጆ ልጆች «አትንኩ» የተባለውን ነክተው፣ የሱን ምንጣፍ በውሃ ደፍቀውት! ጋቢውን ክንዷ ላይ እንደጣለች ሞተሩን አስነሣች፤ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ላቫጆው ነዳችው። አንድ ባጃጅ ለትንሽ አመለጣት፤ ባለባጃጁ የተናገረውን ብትሰማ ኖሮ ወርዳ ትጣላው ነበር።

«ኦሊያድ!» ብላ ጮኸች ገና ሳትወርድ። ኦሊያድ የላቫጆው ባለቤት ነው፤ ምላሱ ስል የሆነ፣ ሥራውን ግን የሚያከብር ጎልማሳ። «ምን ብዬህ ነበር? በዚያ በኩል በሩን አትክፈቱ አላልኩህም?»

«እትዬ ጽጌ፣ ምነው? ማን ከፈተው?»

«ውሃው ነዋ የከፈተው! ና እየው!»

በሩን በረገደችለት። ኦሊያድ የረጠበ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ምንጣፉን ጫን አደረገው። ውሃው በጣቶቹ መሃል ወጣ። እንደገና ጫን አደረገው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኛ አልነካነውም» አለ። «ደግሞ ይሄ ሞቃት ነው።»

«ምን?»

«ውሃው ትኩስ ነው እትዬ። እስቲ ይንኩት። የላቫጆ ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሞቀው?»

ነካችው። ቤት ስትነካው ቀዝቃዛ ነበር፤ አሁን፣ ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ፣ እውነትም ትኩስ ነው። ጽጌሬዳ እጇን እዚያው እንዳሳረፈች ቀረች። ሳምንታት ሙሉ ከሥር፣ ከፊት፣ ከኋላ የፈለገችው ውሃ እዚህ ነበር። በዓለም ላይ ማንም እንዳይነካው የከለከለችው አንድ ቦታ ላይ!

«ላንሣው?» አለ ኦሊያድ፣ ምንጣፉን እያየ።

«ቆይ። እኔው ላንሣው።»

ዳርና ዳሩን ይዛ አነሣችው፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ከሥሩ ወለሉ ዝጎ ቀልቷል። ሞተሩን አስነሥተው ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ከክሩስኮቱ፣ ከዳሽቦርዱ፣ ሥር አንድ ጠብታ ወረደ፤ ከዚያ ሌላ።

ስልክ ተደወለለትና ኢዮስያስ በባጃጅ መጣ፤ ያልተለወጠ የእሁድ ልብስ፣ ክራባትም እንዳደረገ ነው። ክራባቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ በጀርባው ተኛና ራሱን ከክሩስኮቱ ሥር ሰደደ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ከውስጥ ጮኸ።

«ወይኔ! ሂተሩ ነው! ሂተሩ!»

ወጥቶ ተቀመጠና ሳቀ፤ የኀፍረት ሳቅ ነው። «ትንሽ ራዲያተር አለች እዚህ ውስጥ፣ ከሞተሩ ትኩስ ውሃ የምትቀበል። ተበስታለች። በሐዋሳ ሙቀት ሂተር የሚባል ነገር ማን ትዝ ይለዋል? ማንሻው ዝግ ቢሆን ኖሮ እንኳ እንዲህ አትፈስም ነበር። ማነው ከፍቶ የተወው?»

ጽጌሬዳ ጋቢውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። እሱም ማንሻውን አየ፣ እሷን አየ፤ ገባውና ጥያቄውን ተወው።

«መክብብ ዝገት የሚከላከለውን ኩላንት ነበር የሚጨምረው። አንቺስ?»

«የቧንቧ ውሃ። ሁሉም ሰው እሱን አይደል የሚጨምረው?»

«ሁሉም ሰው! በዝገት የበላት እሱ ነዋ። ባለቀለሙ ኩላንት ቢሆን ደግሞ ምንጣፉ ላይ ነጠብጣቡ ይታይ ነበር።»

«ቴስታታውስ?» አለችው።

«ምን ሆነና? መርፌዋ ከፍ ስትል ቆመሽ አብርደሻታል፤ ቀዩን አላስነካሻትም። አይከፈትም።»

እልል ማለት አማራት፤ ለቅሶ ቀደማት። የሐይቁ ዳር ሰው እያያት፣ ጋቢውን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ኦሊያድ የሚያደርገው ጠፍቶት ባዶ ባልዲ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ለዚህች ሂተር ምትክ አይገኝም» አላት ኢዮስያስ ስትረጋጋ። «የሂተሯን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ቆርጠን እርስ በርስ እናገናኛቸዋለን። ውሃው ወደ ሂተሩ ሳይገባ ይመለሳል። አሁኑኑ ይሠራል።»

«ከዚያ በኋላ አይሞቅም?»

«አይሞቅም ጽጌ።»

ማንሻውን አየችው። የሞተ ሰው እጅ ያስቀመጠው ነገር እንዲህ ቀላል መስሎ ሲታይ ያማል። ቢሆንም መክብብ ራሱ እዚህ ቢቆም ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ታስቢያለሽ?» ነበር የሚላት።

«ቁረጠው» አለች። ማንሻውን ግን ማንም አልነካውም፤ ራሷ ጎንበስ ብላ ወደ ቀዝቃዛው መለሰችው።

ግዛቸው ወሬውን ሲሰማ አላመነም። «ተሸወድሽ! በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም» ብሎ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በሯ ላይ ተገኘ። ጽጌሬዳ በዚያኛው በኩል ያለውን በር ከፈተችለት። ግዛቸው እግሩን አንሥቶ ቆመ፤ እዚያ ሰው እንደማይቀመጥ እሱም ያውቃል።

«ይግቡ ጋሼ።»

ምንጣፍ የሌለው ብረት ላይ እግሩን አሳረፈ። ጽጌሬዳ ሞተሩን አስነሣች። ዳገቱ ሲጀምር ሁለቱም ዓይናቸው መርፌዋ ላይ ነው። መርፌዋ ሽቅብ የምትልበት ያ መታጠፊያ መጣ። ጽጌሬዳ ማርሽ ቀነሰች፤ ሞተሩ አጉረመረመ። ግዛቸው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ክሩስኮቱ አዘነበለ። መርፌዋ መሃል ላይ እንዳለች ናት። መታጠፊያውን አለፉ። ሁለተኛውንም አለፉ። ጭጋጉ ውስጥ ገቡ፤ መርፌዋ ፍንክች አላለችም።

«በቃ፣ ገዢውን ተወው እለዋለሁ» አለ ግዛቸው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ። ከዚያ እግሮቹን እርስ በርስ አፋተገ። «ኧረ ምን ዓይነት ብርድ ነው! እግሬ ደነዘዘ እኮ። ይቺ መኪና ሂተር የላትም እንዴ?»

«ነበራት» አለች ጽጌሬዳ።

እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ። ግዛቸው አያት። ጋቢው ከወንበሩ ሥር ቦታው ተመልሶ ነበር፤ እግሩ ሲነካው ሳብ አደረገው፣ የማን እንደሆነም አወቀ። ለረጅም ጊዜ ጭኑ ላይ ይዞት ቆየ። ከዚያ ዘርግቶ እግሩ ላይ ጣል አደረገውና «ዓይንሽን ከመንገዱ አትንቀይ፣ የኔ ልጅ» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለችና ማርሽ ቀየረች።