ከአራቱ ቅጠሎች አንዱ

ታክሲ መንዳት ትቼ በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ስቀጠር አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ላብራቶሪው ከሴዳር ሪቨርሳይድ ባቡር ጣቢያ በእግር ትንሽ መንገድ ነው። ሥራችን ከተክሎች የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ለአልዛይመር መድኃኒት ይሆኑ እንደሆነ መፈተሽ ነው። በሽታው በያዛቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ አንድ ፕሮቲን እየተጣበቀ ይቋጠራል። እኛም ያንን ፕሮቲን በትንንሽ ጉድጓዶች በተሞላ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ እናደርግና ማቅለሚያና የተክል ቅጠል ጭማቂ እንጨምርበታለን። ፕሮቲኑ ከተቋጠረ ማቅለሚያው ያበራል፤ ካልተቋጠረ ጨለማ ይሆናል።

ቤት ደግሞ አባቴ አሉ። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወደምንኖርበት ከተማ ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ አልዛይመር ተገኘባቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ቁጥሮቹን ሲያወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የአራት ተክሎች ጉድጓዶች ጨልመዋል። ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው። አለቃዬ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ስለነበረች የምነግረው ሰው አጣሁ። ቤት ድረስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላውቅም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አባቴ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ አራት ቅጠል አገኘን! ፕሮቲኑ እንዳይቋጠር የሚያደርጉ!»

ደስታዬን ላካፍላቸው ብዬ እንጂ ይገባቸዋል ብዬ አልነበረም። እሳቸው ግን በምን እንደምንለካው ጠየቁኝ። ስለ ብርሃኑ ነገርኳቸው።

«ጭማቂው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አሉ።

«ሦስቱ ጠቆር ያሉ ናቸው። አንዱ ውሃ ይመስላል።»

«ታዲያ ብርሃኑን የጋረደው ቀለሙ ቢሆንስ?»

ክው አልኩ። ያን ቀን ቁርስ መብላታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ሰው፣ እኔ ያላሰብኩትን አሰቡ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ግንባራቸውን ሳምኳቸው።

በማግስቱ ቀድሞ በተቋጠረና በሚያበራ ፕሮቲን ላይ አራቱንም ጭማቂ ጨመርኩ። በሦስቱ ብርሃኑ ወዲያው ቀነሰ። አባቴ እንዳሉት ቀለሙ ነበር ያታለለኝ። አራተኛው ግን ብርሃኑን አልነካውም። ሙከራውን ከመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያ ውሃ መሳይ ጭማቂ ፕሮቲኑን ከመቋጠር አገደው።

አለቃዬ ስትመለስ በኃይለኛው ማይክሮስኮፕ አየነው። ጭማቂው የሌለበት ፕሮቲን እንደተወሳሰበ ክር ሆኗል፤ ጭማቂው ያለበት ላይ ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ቋጠሮ ብቻ ነው። አለቃዬ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ከጎረቤት ክፍል ሰዎች ምን ሆናችሁ እያሉ መጡ።

«የቀለሙን ነገር ማን አሰበው?» አለችኝ።

«አባቴ» አልኳት፤ ደረቴ በኩራት ተነፋ።

መድኃኒት አገኘን ማለት አይደለም። ሳህን ላይ የሠራ ነገር ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ቢሠራም ለአባቴ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ማታ ስገባ እየሮጥኩ ነበር።

«አባባ፣ ሦስቱ ወደቁ። አንዱ ግን አለፈ!»

«አለፈ?» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንግዲህ አይጥ ላይ ትሞክሩታላችሁ።»

«አዎ፣ ቀጥሎ አይጥ ላይ ነው።»

ትንሽ አየት አደረጉኝ። «ጎበዝ ነህ። የማን ልጅ ነህ?»

«የእርስዎ» አልኳቸው።

«እሱማ ያስታውቃል» አሉና የቅጠሉን ስም ጠየቁኝ።