እኔ ላመስግን፣ አንቺ ጻፊ

አያቴ «እንዴት ነዎት?» ለሚላቸው ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው፤ «እግዜር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ!» የፓርኪንሰን ሕመም እጃቸውን ሲያንቀጠቅጠው እንኳ መልሱ አልተለወጠም።

ጎንደር ለሚካሄደው የሕመሙ መድኃኒት ጥናት ከኮላ ድባ በሚኒባስ ይዣቸው የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የጥናቱ ነርስ ቅጽ እየሞላች «አያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግርዎታል?» አለቻቸው።

«እግዜር ይመስገን!»

«አያስቸግርም» ብላ ልትሞላ ስትል ዝም ማለት አቃተኝ። ጠዋት ሸሚዛቸውን የቆለፍኩት እኔ ነኛ!

«ምነው አባባ! እውነቱን ካልነገሯት መድኃኒቱ መሥራቱን በምን ታውቃለች? ነገ ለሚታመሙትስ?»

ሳቁ። «እንግዲያ እኔ ላመስግን፣ አንቺ እውነቱን ጻፊ።»

ከዚያ ወዲህ ከጥናቱ የተሰጣቸው የየቀኑ ሕመም መመዝገቢያ ደብተር የእኔ ሥራ ሆነ። «ዛሬ ሻዩ ፈሰሰ።» «ዛሬ ስሜን ጻፉልኝ፤ ፊደሉ ግን እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው።» ማታ ማታ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው «ይቺ ልጅ ጸሐፊ ሆነች!» ይሉ ነበር። እኔም መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

ካረፉ በኋላ ደብተሩን ልመልስ ስሄድ ነርሷ «እንዴት ሰነበትሽ?» አለችኝ።

«እግዜር ይመስገን» አልኳት።

ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብያት በደብተሩ ባዶ መስመር ላይ ጻፍኩ፦ «ዛሬ ጠዋት የማንንም ሸሚዝ አልቆለፍኩም።»