የተከፋፈሉት ዳክዬዎች

ከአንድያ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት የተኳረፍነው በዳክዬ ነው። እውነተኛ ዳክዬ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ የመዳብ ዳክዬ! ሰው ሲጠይቀኝ "በውርስ ተጣልተን" እላለሁ። ቤት ወይም መሬት ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም።

እናቴ እዚሁ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለቻይና ባለሙያዎች ምግብ ታበስል ነበር። ከእነሱ መሀል አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ፤ መስኮታቸው ላይ ትንንሽ የብረት እንስሳት ደርድረው ያስቀምጣሉ። እናቴ አቧራ ልትጠርግ አንዱን ባነሳች ቁጥር፣ በእጅም በተሰባበረ አማርኛም ትርጉሙን ያስረዷታል። ጀርባው ላይ ማሰሮ የተሸከመው ዝሆን ሰላም ነው። ባለ ረጅም እግሯ ወፍ ዕድሜ ናት። ዓሣው የማያልቅ ጥጋብ። የሌሊት ወፍ ሳትቀር በረከት ናት አሏት! እናቴ ቤት መጥታ ስትነግረን በሳቅ ትፈርስ ነበር። እኛ ዘንድ የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሲሏት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲሏት ወፍ ነኝ የምትል መሰሪ ናት፤ ማን ቤቱ ያስቀምጣታል? ጅብን ሆዳም ብለነዋል፣ አህያን ቻይ፣ እርግብን የዋህ። ዳክዬን ግን ማንም ምንም አላላትም። ከምግብም አትቆጠር፣ ከተረትም።

መሐንዲሱ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ለእናቴ የሰጧት ሁለት ዳክዬ ነው። የቅድመ አያታቸው ዕቃ ነበር አሉ። መዳቡ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ላባ ላባ እየመሰለ ተጣብቋል፤ በሽቦው መሀል ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ቀለም ተሞልቶ፣ እሳት ገብቶ እንደ መስታወት ጠጥሯል። ጣትህን ብታሳልፍበት ልስልስ ነው። እናቴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። እነዚህስ ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቃት "ጌጥ ነዋ" ብላ አለፈችው። የሌሊት ወፍን ትርጉም ሳይቀር የነገረችኝ ሴት!

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይበልጡን የሙሽራ ልብስ። ስንቱን ሰበታ ድሬያለሁ። እኔ ራሴ ግን አላገባሁም፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህንን ጉዳይ ሰው ፊቴ ሲያነሳብኝ አልወድም። አንዲት ጎረቤቴ አንዴ "የሰው ስትሰፊ የራስሽን ረሳሽው" ብላኝ፣ ልብሷን ሳልጨርስ ከነጨርቁ መልሼላታለሁ።

እናቴ ታማ ስትተኛ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ታናሼ ነው፣ አግብቶ ሱሉልታ ይኖራል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ከአርባዋ በኋላ ዕቃዋን ሊያካፍሉን ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዋናው፣ ሰፈሩ ሁሉ "ኦቦ" ብቻ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ነበሩ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "እኔ ምንም አልፈልግም፤ ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም እሷ ትውሰድ፤ ለእኔ ሁለቱ ዳክዬዎች ይሰጡኝ" አለ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስታስታውክ ስደግፍ የከረምኩ፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጣ፣ እናቴ በየቀኑ በቀሚሷ ጫፍ የምትወለውላቸውን ሁለቱንም ጠቅልሎ ሊሄድ! ለምን ፈለግካቸው ብለው ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ። "እንዲሁ" አለ። በቃ፣ ዋጋውን ደርሶበታል ብዬ ያዝኩት፤ የቆየ ዕቃ ነው፣ ሊሸጠው ነው።

"እኩል!" አልኩ። "እኩል ይካፈል እንጂ!"

ኦቦ ፊታቸው በራ። "ቶሌ፣ ይሁን! ሁለት ናቸው፣ ሁለት ናችሁ፤ ታዲያ ምን ያጣላችኋል?" አሉና አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ አስጨበጡን። ሰው ሁሉ መረቀን። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜን አላናገርኩትም። ሁለቴ ቤቴ መጣ፣ አልከፈትኩም። ስልኩንም አላነሳ አልኩ። ስቆጣ እንዲህ ነኝ፤ ደግ ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት፣ ፋብሪካ ውስጥ ቻይንኛ የምታስተረጉም አንዲት የወላይታ ልጅ የሠርግ ልብሷን ልትለካ መጣች። ዳክዬዬን መደርደሪያው ላይ ስታይ፣ "እትዬ፣ ሌላኛውስ?" አለችኝ።

"ምን ሌላኛ?"

"እነዚህ እኮ ባልና ሚስት ናቸው። ለሙሽራ ነው የሚሰጡት፣ ሳይለያዩ ኑሩ ለማለት። አንዱ ብቻውን ሲታይማ ቤቱ ሰው የሞተበት ይመስላል።"

መርፌ አፌ ውስጥ ነበር፤ እግዜር አወጣኝ እንጂ እውጠው ነበር። የገዛ አፌ ነው "እኩል" ብሎ ያፋታቸው። ሟርት አልፈራም፤ ግን አፈርኩ። በዚህ ላይ ያለ ወንድም ሁለት ፋሲካ ያሳለፍኩት አላግባብ ይሆን የሚለው ሐሳብ ይበላኝ ጀመር። እናም ወሰንኩ። ከሁለታችን ትዳር ያለው እሱ ነው፤ ሁለቱም ለእሱ ይገቡታል። ይህን ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ በሩን ከከፈተልኝ።

በማግስቱ ዳክዬዬን በቁራጭ ቬሎ ጠቅልዬ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ሱሉልታ ደረስኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። "አካም ጅርቱ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ አየኝና በሩን ወለል አድርጎ አስገባኝ። ጥቅሌን ስፈታ እሱም የራሱን ዳክዬ ከሳጥን አወጣ፤ እስከዚያ ቀን መደርደሪያ ላይ እንኳ አላስቀመጠውም።

"እንካ" አልኩት። "ለባልና ሚስት ነው አሉ፤ አንተ ነህ ያገባኸው። ይቅር በለኝ።"

አልተቀበለኝም። "የእኔ አይደሉም እኮ" አለ። "እማዬ አልጋ ላይ ሳለች ሁለቱንም አደራ ሰጥታኝ ነው። እህትህ ስታገባ በእጅህ ስጣት፣ እስከዚያ ግን ፊቷ አታንሳው፣ ይከፋታል አለችኝ።"

"ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ ምነው አፍህን አልከፈትክ?"

"ምን ልበል? እህቴ አላገባችም እኮ ልበላቸው? አንቺ ተቀምጠሽ?"

እዚያው ሶፋው ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ስግብግብ ብዬ ሁለት ዓመት በሬን የዘጋሁበት ሰው፣ ሁለት ዓመት ገመናዬን ሸፍኖልኝ ተቀምጧል። ሚስቱ ውኃ አመጣችልኝ። እሱ ዳክዬዎቹን ፊት ለፊት አስቀመጣቸውና፣ እወስዳቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አንተው ጋ ይቆዩ፤ አደራህ ነው" አልኩት። "ሳገባ ትሰጠኛለህ።"

"እሰጥሻለሁ።"

"ካላገባሁስ?"

"ካላገባሽማ" አለ፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ታያቸዋለሽ።"