የእናቴ ትከሻና የቻይናዋ ጭስ

የእናቴ ትከሻ ገና ሳይድን ነው የተመሰከረለት። እኛ ቤተክርስቲያን አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ይጸለይልሻል፣ ወዲያው ማይክ ይሰጥሻል፣ "በእምነት ተቀብያለሁ" ትያለሽ፤ ፈውሱ ከፈለገ በኋላ ይድረስ። ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር በምንከራየው አዳራሽ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ እናቴ "ድኛለሁ!" አለች። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ትከሻዋ ቪዲዮውን አላየውም ይሆናል፣ ፀጉሯን እንኳ ማበጠር አቃታት።

"እማዬ፣ ጂፒ ጋ፣ የሰፈሩ ሐኪም ጋ፣ ቀጠሮ ቡክ ላድርግልሽ?" አልኳት።

"አብደሻል? እዚያ የምታስተረጉመው የኛው ዘማሪ ናት! ድኛለሁ ብዬ መስክሬ ልታከም ልሂድ? የጌታን ስም ላሰድብ?"

"ሕመሙስ?"

"ቀላል ናት፤ ትለቀኛለች።"

አልለቀቀቻትም። ስለዚህ ማንም የማያውቀን ሰፈር ፈልጌ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ቻይናዊት የባህል ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሴትዮዋ የደረቀ ቅጠል በወረቀት እንደ ሲጋራ ወፈር አድርጋ ትጠቀልልና ጫፉን ትለኩሰዋለች፤ ከዚያ ቆዳ ሳታስነካ ትከሻው ላይ ይዛ ታሞቃለች። እናቴ ጥቅሉን ገና ስታሸተው ከአልጋው ብድግ አለች።

"ይሄማ አሪቲ ነው! ለአሪቲ ነው ሁለት አውቶቡስ ያስቀየርሽኝ?"

የአሪቲ ዘመድ እንጂ ራሱ አሪቲ አይደለም፤ ግን ማን ይሰማኛል። ደግሞ ጭስ ስላለው የቃልቻ ነገር እንዳይሆን ፈራች። ከመለኮሱ በፊት እጇን ጫነችበትና በኢየሱስ ስም ገሠጸችው። ሴትዮዋ የአገራችን ወግ መስሏት ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። እየዋለ ሲያድርማ ክብሪቱን ይዛ "አሜን?" እያለች የምትጠይቀው እሷው ሆነች።

ሙቀቱ ይሁን የሴትዮዋ እጅ አላውቅም፣ የእናቴ ክንድ ቀስ በቀስ ጆሮዋ ድረስ መድረስ ጀመረ።

አንድ ጊዜ ሌላ ቀን ቀጠሮ ጠፋና እሑድ ጠዋት ታክማ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ጉባኤ ሄድን። የለንደን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ደደቧ ልብ አላልኩትም፦ ያ ጭስ ልክ እንደ ጋንጃ ነው የሚሸተው። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ፀጉሩን የጎነጎነ ሰውዬ ዞሮ እናቴን አየና በአድናቆት አውራ ጣቱን አነሳላት። እሷም "ተባረክ" አለችው።

አዳራሹ ውስጥ ግን የሚያደንቅ አልተገኘም። ከኋላችን ያሉት አየሩን ማሽተት ጀመሩ። ፓስተራችን፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው፣ መዝሙሩን አስቆመና "እዚህ መካከል የዕፅ ሱስ መንፈስ አለ!" አለ። መገለጥ መጣለት ብለው አሜን አሉ፤ የመጣለት ሽታ ነው። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ትዳር ፈትቻለሁ፣ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ፣ ጂንስ ለብሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ! አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ፣ ሲጋራ እንኳ ነክቼ የማላውቅ ሴትዮ፣ መድረክ ፊት ተጎትቼ ቆምኩ። ፓስተሩ እጁን አናቴ ላይ ጭኖ "ውጣ!" ይላል፤ ጉባኤው ተከትሎ "ውጣ!" ይላል።

ንዴት ሊገድለኝ ነበር፤ ግን አፌን ዘጋሁ። ብናገር የእናቴ ምስክርነት ገደል ይገባል። ባሏን ቀብራ፣ ቋንቋው ሳይገባት በምትኖርበት በዚህ ከተማ፣ "እማማ" ብሎ ተነስቶ ወንበር የሚለቅላት ይሄ ጉባኤ ብቻ ነው።

"ልቀቃት!"

እናቴ ነበረች፤ የፊቱን ወንበር ተደግፋ ቆማለች።

"ልጄን ልቀቃት። ሽታው የእኔ ነው። ቻይና ሐኪም ጋ ትከሻዬን እየታከምኩ ነው።"



"እማማ፣ ፈውስዎን ተቀብለው የለም እንዴ?" አለ ፓስተሩ፣ እጁ አናቴ ላይ እንዳለ።

"ያን ሁሉ ስታጨበጭቡ፣ አልዳንኩም ማለት አፈርኩ።"

"አሁንም ያምዎታል?"

"በጣም ያመኛል፣ ልጄ። ትራሴን ነክሼ ነው የማድረው።"

ይህን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ንዴቴ ሁሉ ጠፋና እዚያው መድረኩ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከፊተኛው ረድፍ፣ ባለፈው ፋሲካ ጉልበታቸው መዳኑን የመሰከሩ አንዲት እናት እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ።

"ልጄ፣" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ቻይናዋ ጉልበትም ታያለች?"