ከመግባታቸው በፊት የተመረቁት ሰው

ጋሽ ሳህሌ ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ በዲቪ ሲመጡ አሜሪካ ዕውቀታቸውን አክብራ ከአንድ ወንበር ጋር ጠባብ ክፍል ሰጠቻቸው። መኪና በማይመጣበት ሰዓት እዚያች ውስጥ ተቀምጠው ብርሃንን እንኳ ስለሚውጠው የጠፈር ጉድጓድ፣ ስለ ብላክ ሆል፣ የወጡ አዳዲስ ጥናቶችን በስልካቸው ያነባሉ።

«የገባበት ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል ይባል ነበር» ይሉታል እዚያ መኪናውን የሚያቆመውን ታክሲ ነጂ ይገዙን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አሁን ግን መረጃ አይጠፋም እየተባለ ነው። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሲተን፣ የዋጠው ሁሉ ከጨረሩ ጋር ተበታትኖ ይወጣል።»

«ጋሼ፣ ኤርፖርት ፒክ አፕ አለኝ፣ ሰው ላነሳ ነው» ብሎ ይገዙ እብስ ይላል።

ዘንድሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ሮዝዌል ያለ አንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ፈለገ። ጋሽ ሳህሌ በደስታ ፈነደቁ። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውጭ አገር ዲግሪ የሚገመግመው ቢሮ እስከ ዓርብ ማረጋገጫ ሊሰጣቸው ይገባል። ፎርሙን ብቻቸውን ሞሉ። ስለ ጊዜ ምንነት የሚራቀቅ ሰው ቀን መሙላት ያቅተዋል?

ማክሰኞ መልስ መጣ። በ1989 ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1985 ስለተመረቁ ፋይልዎ ተዘግቷል፣ ይላል።

ጋሽ ሳህሌ ቢሮውን ሁለት ቀን ሙሉ ሲራገሙ ከረሙ። ብላክ ሆል ውስጥ እንኳ ሰው ከመግባቱ በፊት እንደማይወጣ የሚያስረዳ ሦስት ገጽ ደብዳቤም ጻፉ። ሐሙስ ዕለት፣ አረጋውያን የምትንከባከበው ባለቤታቸው ተናኘወርቅ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፎርሙን አየችው።

«አንተ ሰው! መግቢያህን በፈረንጅ ቆጥረህ መመረቂያህን በእኛ ትተኸዋል እኮ! ስምንት ዓመት ጨምርበት!»

ጨመሩበት፤ 1993 ሆነ። ሦስቱን ገጽ ቀዳደደችና «አገራችን ሌላ የዘመን አቆጣጠር አላት» የሚል አንድ መስመር ጽፋ ላከችላቸው።

ማረጋገጫው ሰኞ መጣ፣ ማኅተሙ እንዴት ያምራል! ትምህርት ቤቱ ግን ዓርብ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ጋሽ ሳህሌ በዚያች ጠባብ ክፍል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ይገዙ ከታክሲው እጁን ዘርግቶ የክፍሏን መስኮት አንኳኳ። «ጋሼ፣ ያ ወረቀትዎ ወጣ?»

«ወጣ። ምንም አልጠፋም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጉድጓዱ ተንኖ ካለቀ በኋላ ወጣ።»

ይገዙ ሞተሩን አጠፋ። «እስኪ ስለዚያ ጉድጓድ ይንገሩኝ።»

«ፒክ አፕ የለህም?»

«ካንስል አደረግኩት።»

ጋሽ ሳህሌ እስክሪብቶ አወጡና በፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ክብ መሳል ጀመሩ።